ያልተሽከረከረ ደም

የካቲት 6

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለድንቡሼ፣

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ከደጅሽ ይድረስ፤ ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ መንገዱን ይጥረግልሽ። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤ ደግሞ ከመወልወያ ጋር ከተጣላ ሃያ ዓመቱ ነው፣ የሚታረቅም አይመስለኝ።

ደብዳቤውን በምትሠሪበት ማተሚያ ቤት አድራሻ የላክሁት አውቄ ነው። ስልኩማ ሳሎን ውስጥ ከአማትሽ ጆሮ ሥር ተቀምጦ ምን ይወራበታል? ባለፈው ደውዬ እሳቸው አነሱትና «የሐሞት ጠጠሩ ስንት ሆኖ ወጣ?» ሲሉኝ ደንግጬ «ዘጠኝ» አልኩ። ለካ አንቺ «ሦስት» ብለሻቸው ኖሯል! በሌለ በሽታ ላይ ስድስት ጠጠር ጨምሬ አረፍኩት። «የእህቴ ልጅ መጥታ ባታስታምመኝ አልቆልኝ ነበር» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ሁለታችንንም ይቅር ይበለን እንጂ ምን ይባላል።

ባልሽ ባለፈው ደብዳቤሽ ጫፍ ላይ «እታለም፣ እኔ ኤሌክትሪክ እንጂ ማህፀን አላውቅም፤ እሷን ስጠይቃት ታለቅሳለች፤ አንቺ አስረጂኝ» ብሎ ጽፎልኛል። እንዲህ በዪው። አምና አራት ፅንስ ተሠራላችሁ። ሁለቱ ገብተው አልያዙም፣ ሁለቱ በረዶ ውስጥ ተቀመጡ። ፅንሱ ደህና ነው፤ ከማህፀኑ ግድግዳ ጋር አልጣበቅ ማለቱ ነው ችግሩ። አሁን እኔ የምወለውልበት ክሊኒክ ሐኪሞች የሚሞክሩት፣ ከሴቲቱ ከራሷ ክንድ ደም ይቀዱና በማሽን ያሽከረክሩታል። ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ከላይ ቢጫ ውሃ ይቀራል። ቁስልን የሚያድነው ነገር እዚያ ቢጫው ውስጥ ይበዛል ይላሉ። እሱን ፅንሱ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው በቀጭን ቱቦ ወደ ማህፀን ያስገቡታል፤ ግድግዳው እንግዳውን ቢቀበለው ብለው። ይርዳ አይርዳ ገና አልታወቀም፣ ጥናት የተባለውም ለዚህ ነው። ስለዚህ ለግማሾቹ ሴቶች ቢጫው ይገባል፣ ለግማሾቹ የጨው ውሃ። ለማን ምን እንደደረሰ በታሸገ ፖስታ ነው። ሲሪንጁ ራሱ ቀለሙ እንዳይታይ በነጭ ፕላስተር ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። ዶክተሯ አታውቅም፣ ሲስተር አታውቅም፣ ሴቲቱም አታውቅም። የሚያውቀው በሩን ዘግቶ የሚሠራው የላብራቶሪው ሰውዬ ብቻ ነው። እኛ ዝምተኛው የምንለው። እሱ ደግሞ ስሙን ቢጠይቁት እንኳ አስቦ የሚመልስ ሰው ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ፀጉርሽን በፎጣ እያደረቅሽ ሳለ የነገርኩሽ ነገር ግን ለባልሽም ቢሆን አይነገር። በእኔና በአንቺ መሀል ይቅር። ሥራዬን ያሳጣኛል፣ ደግሞም የሚነገር ነገር አልነበረም።

ከባድ ነገር አታንሺ። ውጤቱን እንደሰማሽ ወዲያው ጻፊልኝ። እዚህ የምወለውለው ወለል ሁሉ ስምሽን ያውቀዋል።

አክስትሽ


የካቲት 21

ለአክስቴ ለእታለም፣

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ ለወገብሽም አዲስ ወገብ ያምጣልሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

አልያዘም።

ሌላ ሌላውን ወሬ አስቀድሜ እሱን መጨረሻ ላይ ላደርገው ነበር፤ እጄ ግን ሌላ ነገር መጻፍ አልቻለም። ማክሰኞ ጠዋት ለእርግዝና ምርመራ ደም ሰጥቼ ሥራ ገባሁ። በምሳ ሰዓት ከወረቀቱ መጋዘን ሆኜ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «ዜሮ ነው» አለች። «ዜሮ ማለት?» ስላት «ዜሮ ማለት ዜሮ ነው፣ የኔ እመቤት» አለችኝ። እውነቷን ነው። ተመልሼ የሂሳብ መጽሐፍ ሽፋን ማጣበቅ ቀጠልኩ። ሃያ የሚሆነውን ገልብጬ አጣብቄው ኖሯል። አለቃችን አንዱን አንስቶ አየና «ዘንድሮ ተማሪዎቹ በእጃቸው ቆመው ነው እንዴ የሚማሩት?» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። የባሰው እሱ ነበር፣ መሳቄ።

ያሳፈረኝን ልንገርሽ። በፊት ሁለቱ ጊዜ ሲበላሽ ማመካኛ ነበረኝ። «መድኃኒቱ አንሶ ይሆናል፣ ቀኑ አልፎ ይሆናል» እል ነበር። አሁን ግን አንቺ በዓይንሽ አይተሽ እውነተኛው እንደገባልኝ ነግረሽኛል። የራሴ ደም ገብቶልኝ የራሴ ሆድ እምቢ አለ። እንግዲህ ማንን ልውቀስ?

አትቆጪኝ እንጂ ለባሌ ነግሬዋለሁ። ሊያጽናናኝ ብሎ «የጨው ውሃው ደርሶሽ ይሆናል፤ ያኛውን ብታገኚ ኖሮ ይይዝ ነበር» አለኝ። ደጋግሞ ሲለው አልቻልኩም። «የለም፣ እውነተኛው ነው የገባልኝ፤ አክስቴ አይታለች» አልኩት። ከዚያ ወዲህ የሚያጽናናኝ ነገር አላገኘም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እዚያ የሚገቡ የሚወጡትን ታያለሽ። እውነተኛው ከደረሳቸው ሴቶች እንደኔ ያልያዘላት ሌላ አለች? አንዲት ብትኖር ይበቃኛል። ቶሎ መልሽልኝ።

ድንቡሼ


መጋቢት 26

ለማይጠገበው ፊትሽ፣ ለድንቡሼ፣

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን፤ ያዘነውን ልብሽን ፈጣሪ በመዳፉ ይያዘው። ወር ሙሉ ሳልጽፍልሽ መቅረቴ ክፉ ሆኜ አይደለም። ሥራው በዝቶ ነው። ከምድር ቤት የምትሠራዋ ባልደረባዬ እግሯ ተሰብሮ የእሷንም ደረጃ እኔ ነኝ የያዝኩት። አሳንሰሩ ደግሞ ተበላሽቶ ጋሪዬን ሦስት ፎቅ በደረጃ ስጎትት፣ አንዱ በሽተኛ «እትዬ፣ ጋሪው ነው የሚያወጣዎት ወይስ እርስዎ ነዎት?» አለኝ። አዲስ የወለል ሳሙና አምጥተውልናል፣ ሽታው ደስ ይላል ግን እጅ ይልጣል። ጎረቤቴ ልጇን ዳረች። ጫማ ገዝቼ አንድ ቁጥር ጠበበኝ፤ አልመልስም ብዬ እየለጠጥሁት ነው። ያንቺ ቁጥር ይመስለኛል፣ ልላክልሽ?

ስለ ውጤቱ ሰምቼ አዘንኩ። ሁሉም ነገር ጊዜ አለው። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ሠላሳ አራት ምን አላት። ለመሆኑ እንቅልፍ ትተኛለሽ? ምግብ እንዳትተዪ።

ስለጠየቅሽኝ ነገር በሌላ ጊዜ በሰፊው እጽፍልሻለሁ። አሁን ብዕሩም እያለቀ ነው።

የምትወድሽ አክስትሽ


ሚያዝያ 9

ለእታለም፣

ሰላምሽ ይብዛ። ለባልደረባሽም እግሯን ይማርላት።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሳንሰሩ አለ፣ ሳሙናው አለ፣ የጎረቤትሽ ልጅ ሠርግ አለ። እኔ ግን የለሁበትም። ጫማውን አንቺው አድርጊው።

የጠየቅሁሽን ሳትመልሺልኝ መቅረትሽ ራሱ መልስ ነው። አንዲትም የለችም ማለት ነው። እውነተኛው የገባላቸው ሁሉ ይዞላቸዋል፣ እኔ ብቻ ነኝ። ላለማሳዘን ብለሽ ነው፣ ገብቶኛል።

አሁን የምጠይቅሽ ሌላ ነገር ነው። በረዶ ውስጥ አንድ ፅንስ ቀርቶናል። የማስቀመጫው ውል ሰኔ 30 ያበቃል። ከዚያ በፊት ወይ እናሳድሳለን ወይ «አስወግዱልን» ብለን እንፈርማለን። የማስወገጃው ቅጽ እዚያው እንግዳ መቀበያው ዘንድ አለ አሉኝ። አምጥተሽ ላኪልኝ። በስልክ ብጠይቅ አማቴ ይሰማሉ።

ለባሌ ነግሬዋለሁ። «አንተ ገና ነህ፣ ከሌላ ሴት ውለድ፣ አልቀየምህም» አልኩት። የኩሽናውን ማብሪያ ማጥፊያ ፈቶ እየሠራ ነበር። አንዷን ብሎን ግማሽ ሰዓት ሲያጠብቅ ቆየ። የሚቀጥለው ጊዜ ደህና ይሆናል ብዬ እንዳልለምነው የምለምንበት ፊት የለኝም። የራሱ ደም ያልጠቀመው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ያቺ አንዲት ፅንስ እኔ ዘንድ መጥታ ከምትጠፋ እዚያው በሰላም ብትሄድ ይሻላል።

በቶሎ ላኪልኝ፣ እሺ? ስለሌላው ወሬ አትጨነቂ።

ድንቡሼ


ሚያዝያ 20

ለድንቡሼ፣

እንዴት ነሽ ብዬ ለመጀመር አፈርኩ፤ እንዴት እንደሆንሽ ጽፈሽልኛልና። ፈጣሪ ይኼን ወረቀት እስከ መጨረሻው የምታነቢበት ትዕግሥት ይስጥሽ።

ቅጹን እንግዳ መቀበያው ሄጄ አመጣሁት። ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፎ አለ። ልደብቅብሽ አስቤ ነበር፣ «ቅጹ አልቋል» ልልሽ። ከዚያ «ደግሞ ሌላ ውሸት?» አልኩ ለራሴ። «ደግሞ» የምልበትን ምክንያት አሁን ታያለሽ። ከመፈረምሽ በፊት አንብቢ።

ክሊኒኩ ውስጥ ሁሉን ነገር ከሁሉም ሰው ሸሽገዋል ብዬሽ ነበር። ከእኔ ግን አልሸሸጉም። አንድም ቀን ስለ እኔ ያሰበ የለም። የላብራቶሪውን የቆሻሻ ባልዲ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ የምደፋው እኔ ነኝ። ደም ከሁሉም ሴት እኩል ይቀዳል፣ እሷ እንዳታውቅ። ነገር ግን ቢጫው የሚገባላት ከሆነች ደሙ ይሽከረከራል፣ ቢጫው ይወሰዳል፣ ብልቃጡ ግማሽ ሆኖ ይጣላል። የጨው ውሃ የደረሳት ከሆነች ደሙ ሳይሽከረከር፣ እንደተቀዳ፣ እስከ አፉ ሙሉ ሆኖ ይጣላል። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተለጥፏል። ማንበብ አራተኛ ክፍል ላይ ብተውም ቁጥር ግን አልጠፋኝም።

ያንቺ ቁጥር 31 ነበር። ያን ቀን ባልዲውን ስከፍት 31 የሚል ሦስት ብልቃጥ አለ። ሦስቱም ሙሉ ነበሩ።

የእኔ ልጅ፣ ያንቺ ደም አልተሽከረከረም። የገባልሽ የጨው ውሃ ነው።

ቤት ስገባ አንቺ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠሽ ፀጉርሽን ታደርቂ ነበር። «እታለም፣ አንቺ እኮ ሁሉን ታያለሽ፤ የትኛው ነው የደረሰኝ?» አልሽኝ። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። ፅንሱ እስኪገባ የሁለት ቀን ጉዳይ ነበር፣ ዝም ብል ምን ነበረበት? «እውነተኛው ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አልኩሽ። ተነሥተሽ አቀፍሽኝ።

አዝኜልሽ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን ግን ልንገርሽ፣ ከነገርኩሽ አይቀር። ደስ ብሎኝ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ሐኪም ሲያልፍ መወልወያዬን ይዤ ከግድግዳ የምለጠፍ ሰው፣ ዶክተሯ የማታውቀውን ነገር እኔ አውቅ ነበር። አንቺም በዚያ ዓይን አየሽኝ፤ እንደሚያውቅ ሰው። ያን አስተያየት መመለስ አልቻልኩም።

«አልያዘም» ብለሽ ስትጽፊ ወዲያው ልነግርሽ ይገባ ነበር። ስለ ሳሙና ጻፍኩልሽ። ባልሽ «የጨው ውሃው ደርሶሽ ይሆናል» ማለቱ ልክ ነበር። አፉን ያዘጋሁት እኔ ነኝ። በአንቺ አፍ።

ጥያቄሽንም ልመልስ። እውነተኛው ከደረሳቸው ያልያዘላቸው ብዙ ናቸው። የጨው ውሃ ደርሷት የያዘላትም አለች። ይኼን ያህል ነው የማውቀው፤ እሱም ባልዲ አይቼ ነው።

ፊትሽን የማይበት ዓይን የለኝም።

አክስትሽ


ግንቦት 14

ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሰላምታዎም ደርሶኛል።

ቅጹ በመሳቢያዬ ውስጥ ነው። አልፈረምኩትም፣ አልቀደድኩትም።

ሁለት ወር ከግማሽ በራሴ ሆድ አፍሬ ኖሬያለሁ። ልብሴን ስቀይር በመስታወቱ ፊት አላልፍም ነበር። ባሌን ለሌላ ሴት ሰጥቼው ነበር። እርስዎ ይኼን ሁሉ በወረቀት እያነበቡ ጫማ ልላክልሽ ይሉኝ ነበር።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቅዎታለሁ። ለዶክተሯ ሄደው በራስዎ አፍ ይንገሯት። እኔ እንድነግርልዎ አይጠብቁ። እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሌሎች ሴቶች አሉ።

ከዚያ በፊት አይጻፉልኝ።


ግንቦት 29

ለድንቡሼ፣

ፈጣሪ ቤትሽን ይጠብቅ። ከዚህ የረዘመ ሰላምታ ለመስጠት ፊት የለኝም።

«እርስዎ» ስትይኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ለጎረቤት አንቱታ ክብር ነው፤ ካንቺ ግን በር እንደመዝጋት ነው። ይገባኛል።

ነግሬያታለሁ። ሰኞ ጠዋት የዶክተሯን ክፍል አንኳኳሁ። ቀና ስትል እኔን አየችና እግሯን ከወለሉ አነሳች። ልወለውል የመጣሁ መስሏት። እግሯን አንሥታ ጠበቀችኝ፣ ድንቡሼ! ልመለስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

«ለመወልወል አይደለም የመጣሁት» አልኩ።

«ምን ሆኑ? አመመዎት?»

«ምነው አሞኝ በሆነ። አጥፍቻለሁ።»

ስለ አንቺ ነገርኳት። በመጀመሪያ ፈገግ አለች። «ገምተው ነው እንጂ ሊያውቁ አይችሉም፤ እኔ ራሴ አላውቅም» አለችኝ።

«ከባልዲው ነው ያወቅሁት።»

«ከየትኛው ባልዲ?»

«እኔ ከምደፋው። ግማሽ ከሆነ ቢጫው ተወስዷል። ሙሉ ከሆነ የጨው ውሃ ነው። ቁጥሩ ላዩ ላይ አለ።»

ፈገግታዋ እንዴት እንደሄደ እኔ ነኝ የማውቀው። ስልክ አንሥታ ዝምተኛውን ጠራችው። መጣ፣ ሰማ፣ መነጽሩን አወለቀ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ፖስታ ስናሽግ» አለ። እሱ ሲናገር መስማቴ ያኔ ነው የመጀመሪያዬ፤ ለዚህ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

«ለስንት ሰው ተናግረዋል?» አለችኝ ዶክተሯ።

«በአፌ ለአንድ።»

«በአፍ ያልሆነስ?»

እዚህ ላይ ነው ላብ ያጠመቀኝ። ኮሪደሩ ላይ የሚቀመጡ ሁለት ሴቶች ባልዲውን ይዤ ስወጣ ፊቴን ያዩ ነበር። አንደኛዋ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሌላዋ የትኬት ቆራጭ ሚስት። ያሳዘነችኝን ስመለከት ፊቴ ይጠቁራል፤ ደስ ያለችኝን ስመለከት እስቃለሁ። አውቀውብኝ ነበር። አፌን ብይዝ ፊቴ ወሬኛ ነው። ይኼንንም ነገርኳት። እሷ ሦስት ቁጥር ጻፈች፣ ያንቺን ጨምሮ። ሦስታችሁም ከጥናቱ ቆጠራ ትወጣላችሁ። ሐሰትም ቢሆን «አውቃለሁ» ያለች ሴት አትቆጠርም ብላኛለች። ሥራው ሁሉ አራት ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። ከእንግዲህ የሁሉም ሴት ደም ይሽከረከራል፣ ቢጫውም ከሁሉም ላይ ይወሰዳል፤ የማይገባው ይደፋል። ባልዲ የሚያይ ሰው ምንም እንዳያነብ።

ስትሰድበኝ ጠበቅሁ። እሷ ግን «ጥፋቱ የእኛም ነው። ከሐኪም ሸሸግን፣ ከነርስ ሸሸግን። ባልዲውን ማን እንደሚደፋው ያሰበ ግን የለም። እርስዎ እንዳሉ ረስተን ነበር» አለችኝ። ከስድብ ይብሳል። እሷም አፍራ ነበር የምታወራው፣ እኔም አፍሬ ነበር የምሰማው፣ ዝምተኛው መነጽሩን ሲጠርግ ነበር።

አስተዳደሩ ጠርቶ ማስጠንቀቂያ አስፈረመኝ። ከሦስተኛ ፎቅ አውርደው መስኮትና ደረጃ ሰጥተውኛል። ላብራቶሪው አጠገብ አልደርስም።

ፋይልሽን አይታለች፤ 31 የጨው ውሃ ነው። በሚቀጥለው ከፈለግሽ ቢጫው እንደሚደረግልሽ፣ ግን ራሷ ልትነግርሽ እንደምትፈልግ ነግራኛለች። በዚህኛው ላይ እኔ አንድም ቃል አልጨምርም። ደውዪላት።

ይቅርታ አልጠይቅሽም። መጠየቅ ቀላል ነው፤ መስጠቱ ይከብድሻል።

አክስትሽ


ሰኔ 19

ለእታለም፣

ጤና ይስጥሽ። መስኮት ስትጠርጊ ከከፍታ ላይ ተጠንቀቂ።

ደብዳቤሽን ለባሌ ሙሉውን አነበብኩለት፣ የመጀመሪያውንም የኋላውንም። «ስለዚህ አላበቃም ማለት ነው?» አለኝ። «አላውቅም» አልኩት። «እንግዲያው ከሌላ ሴት ምናምን የሚለው ወሬ ይቁም» አለ። ለካ ያን ሁሉ ቀን ያስጨነቀው እሱ ኖሯል። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔ ቆሜ አየሁት።

ለአማቴም ነገርኳቸው። ውሸት ሰልችቶኝ ነበር። አንቺ እንዳልታመምሽ፣ እኔ ለምን ወደ አንቺ እንደመጣሁ፣ ሁሉንም። «እኔም ባልሽን ሳልወልድ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ማን ጠይቆኝ ልናገር?» አሉኝ። ከዚያ ተነሥተው ስልኩን ነቅለው ወደ እኛ ክፍል አመጡት።

ከዚያው ስልክ ለዶክተሯ ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቀችኝ። ሁሉን አስረዳችኝ። «ቢጫው ቢገባልኝ ይይዛል?» አልኳት። «አላውቅም። እስካሁን ያየነው የጠራ ነገር አይደለም። ሊረዳ ይችላል፣ ምንም ላይረዳም ይችላል። ባልያዘልሽ ጊዜም ጥፋቱ ያንቺ አልነበረም» አለችኝ። ታምኚኛለሽ? «አላውቅም» ስትለኝ ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ወረደ። የሚያውቅ ሰው አጥቼ ሳይሆን የሚያውቅ ሰው በዝቶብኝ ነበር የምሰቃየው።

ቅጹን አልፈረምነውም። ውሉን አሳደስን። ሐምሌ 12 ፅንሷ ትገባለች፤ ከሁለት ቀን በፊት ቢጫውን እንዲያስገቡልኝ ተስማምቻለሁ። ባሌ ፈቃድ ስላላገኘ ብቻዬን ነው የምመጣው።

አንቺ ቤት አላርፍም። ከክሊኒኩ ጀርባ ክፍል ተከራይቻለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ ልጽፍ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ሰርዤዋለሁ። ገና ነኝ። አትቸኩዪብኝ።

ያን ቀን ግን ኮሪደሩ ላይ አንድ ሰው ቢቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። ከአንቺ ሌላ እዚያ አገር ማን አለኝ? አልጋው ላይ ሆኜም ቢሆን፣ ስወጣም ቢሆን፣ እንደምጠይቅሽ አውቃለሁ። ፈሪ ነኝ፣ አይቀርልኝም። «እታለም፣ ይይዝልኝ ይሆን?» ነው የምልሽ። ምን ብለሽ እንደምትመልሺልኝ አሁኑኑ ጻፊልኝ። እሱን ሳላነብ አውቶቡስ ላይ አልሳፈርም።

ድንቡሼ


ሰኔ 27

ለድንቡሼ፣

አላውቅም፣ የእኔ ልጅ።

ሐምሌ 12 ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ነኝ።

አክስትሽ